ዕዳ እየከፈልኩ ከቤት ወጪ ምን ልቀንስ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሁለት ዕዳ አለብኝ። 10,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ፣ 15,000 ደግሞ ከዘመድ ያለ ወለድ። ከወር ወጪ ምኑን ልቀንስ? የተረፈውስ ለየትኛው ይቅደም?

የጦሳ ልጅ፦ አብሽር። ወለድ ያለውን አስቀድም። 10,000ው በወር 1,000 ይበላል፤ 2,000 ብትከፍል እንኳ ዋናው የሚቀንሰው በ1,000 ብቻ ነው። በከፈልክ ቁጥር ቀሪውን ዋና በጽሑፍ አስፈርም። ለዘመድህ ግን ቁርጥ ያለ ቀን ንገረው፤ የሚያስቀይመው ዝምታ ነው።

ቦርከና፦ ከምጣድ ጀምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ እስኪግል 15 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ እንጀራ ሳይወጣ ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት አለቀ። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ የሚጋገረውን አንዴ አድርጉት፤ የመጨረሻዋን እንጀራ ምጣዱን አጥፍታችሁ በግለቱ። ሳይበርድ ተደራርቦ መሶብ የገባ እንጀራ ያልበውና ይሻግታል፣ ያኔ ቁጠባው ገደል ገባ። እኛ ኮምቦልቻዎች ሙቀቱ ስላለ ቶሎ ይበላሽብናል፤ እናንተን ብርዱ ያግዛችኋል።

ሙጋድ፦ ብርዱ ያግዛል፣ ከፍታው ግን ከሰል ይበላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። ሽምብራና ባቄላ ማታ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ ከድናችሁ ቀቅሉ። ጨው መጨረሻ ላይ።

ጠያቂ፦ ዕቁብ ልግባ?

የጦሳ ልጅ፦ ቀድሞ ዕጣ እንዲሰጥህ ከዳኛውና ከአባላቱ ከተስማማህ ብቻ። ዕጣው መጨረሻ ላይ ከደረሰህ ገንዘብህ እዚያ ተቀምጦ ወለዱ እዚህ ይቆጥራል።