ጦርነት ላይ እያለን ስለ ሙስና ይወራል? የ1990ው ጦርነት ሒሳብ

አወያይ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ጥያቄ ከሰሞኑ የባሕር በር ወሬ የመጣ ነው። አንዱ ወዳጃችን «ከአስመራ ጋር ጦርነት ቢነሳ ስለ መንግሥት ሌብነት ማውራት ለጠላት ጥይት ማቀበል ነው» አለ። ሌላው «እንዲያውም ያኔ ነው መወራት ያለበት» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ስድድብ ሆነ። ስድቡን እዚያው እንተወውና በምናውቀው ጦርነት ላይ እንከራከር። ለወጣቶቹ ባጭሩ፦ ሚያዝያ 1990 መጨረሻ ላይ ከኤርትራ ጋር በሚያዋስነን ድንበር፣ ባድመ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ። በቀናት ውስጥ የኤርትራ ጦር ባድመን ያዘ። የካቲት 1991 ላይ ኢትዮጵያ አስለቀቀች። ግንቦት 1992 ላይ ጦራችን ኤርትራ ውስጥ ባሬንቱ ድረስ ገባ። ሰኔ ላይ ተኩስ ቆመ፤ ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። የሞተው ሰው ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገመታል። እንግዲህ ጦርነት ላይ ያለ አገር መንግሥቱን ስለ ሙስና ይጠይቃል ወይስ ነገሩን ያቆየዋል?

ሻለቃ (ጡረተኛ)፦ የእኔ መልስ አጭር ነው። ያቆየዋል። ምሽግ ውስጥ ያለ ልጅ ማየት ያለበት ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው። «ለማን ብዬ ነው የምሞተው?» ማለት ከጀመረ አለቀለት። አጠገቡ ያለውንም ያስገድላል። ባድመን ባስለቀቅንበት በፀሐይ ግባት ዘመቻ ያየነውን የምናውቀው እኛ ነን። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ የሚኒስትር ሌብነት ቢያወራን ኖሮ እንደ ሰላይ ነበር የምናየው። ሒሳብ መተሳሰብ ከጦርነት በኋላ ነው።

የሁለት ሺው ልጅ፦ ሻለቃ፣ በኋላስ ተሳሰብን?

ሻለቃ፦ አልተሳሰብንም። እሱ ግን የሰላሙ ጊዜ ጥፋት ነው። በጦርነቱ አታላክክ ልጄ።

የሕግ ሰው፦ ሻለቃ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። «ከጦርነት በኋላ» የሚሉት ጊዜ እኮ መጥቶ ነበር። ምን እንደተሠራበትም እናውቃለን። መጋቢት 1993 ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከጠቡ ትልልቅ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጦርነት ነበር። አንደኛው ወገን «ጦሩ እያሸነፈ ለምን ቆመ? የአልጀርሱን ነገር ለምን ተቀበልን?» አለ። የአቶ መለስ ወገን ይዞ የመጣው ግን ስለ መበስበስና ስለ ቦናፓርቲዝም፣ ማለትም መሪዎች ከሕዝብ ተነጥለው በላዩ ላይ ስለ መግዛታቸው፣ የሚያወራ ወረቀት ነበር። ያን ዘመን የምታስታውሱ በየስብሰባው ስንት ሰዓት እንደተቀመጣችሁበት አትረሱትም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ግንቦት 1993፣ የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ታሳሪዎች አንዱ ማን ሆነ? ስዬ አብርሃ። የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር፣ በጦርነቱ አመራር ውስጥ የነበረ፣ አቶ መለስን ከተቃወሙት አንዱ።

የዋስትናውን ነገርማ ማን ይረሳል። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይፈታ ብላ ወሰነች። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ሳይርቅ መልሰው ያዙት። ፓርላማው ወዲያው አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፤ በሙስና የተያዘ ዋስ የለውም ተባለ። ስድስት ዓመት ታስሮ በ1999 ወጣ። ጥፋተኛ ተብሏል፤ ንጹሕ ነበር ብዬ አልከራከርም። እኔ የምለው ሌላ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ይህ ደሃ አገር ሱ-27 ተዋጊ ጄት ገዝቷል። ኤርትራም ሚግ-29 ገዝታለች። ገንዘቡ በማን በኩል አለፈ፣ ደላላው ማን ነበር፣ ዋጋውን ማን አወዳደረ? ይሄ ችሎት ፊት ቀርቦ አላየሁም። ኮሚሽኑ ሲጠራ የመጣው ለጦርነቱ ሒሳብ አልነበረም። ስለ ጦርነቱ የጠየቀውን ሰው ለመያዝ ነበር።

የሁለት ሺው ልጅ፦ ታዲያ ሰውየው ሌባ ነው ወይስ አይደለም?

የሕግ ሰው፦ ሊሆን ይችላል። ሌባ ሆኖ ዝም ያለው ግን አልተያዘም። ችግሬ እሱ ላይ ነው።

ሻለቃ፦ ይሄማ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው! በሰላም ጊዜ እንኳ የሙስና ክስ ተቀናቃኝን መምቻ ከሆነ፣ በጦርነት ጊዜ ምን ሊሆን ነው? አንዱ አዛዥ ሌላውን «ሌባ» እያለ ግንባሩ ይፈርሳል።

ከሜሪላንድ፦ እኔ እንኳ ከተቀመጥኩበት ልናገር። ያኔ ለጦርነቱ ገንዘብ ካዋጡት አንዷ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ተሰብስበን እያለቀስን ነው የሰጠነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ መቀሌ የዓይደር ትምህርት ቤት በቦምብ ተመቶ ሕፃናት አልቀው ነበር። ያን ምስል አይቶ ቦርሳውን የማይከፍት አልነበረም። አገር ቤት ያለው ወንድሜ ደግሞ ከደሞዙ ተቆረጠበት። በፈቃዱ ነው ተብሏል፤ እምቢ ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ደረሰኝ ሰጥተውናል። ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ግን የነገረን የለም። የጠየቀች አንዲት ሴት ነበረች። «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» አሏት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀም።

ሻለቃ፣ እርስዎን አከብራለሁ። እርስዎ የሚሉት ግን የወታደሩን ነው። እኔ ምሽግ ውስጥ አልነበርኩም። እኔ ብጠይቅ የትኛው ግንባር ነው የሚፈርሰው?

የወደቡ ሰው፦ እናንተ ስለ ደረሰኝ ታወራላችሁ፤ ጦርነቱ ራሱ የገንዘብ ጠብ ነበር። ኤርትራ በ1990 መጀመሪያ ናቅፋ የተባለ የራሷን ገንዘብ አወጣች። ኢትዮጵያ ድንበር ላይ በዶላርና በባንክ የክፍያ ማረጋገጫ (ኤል ሲ) ካልሆነ አልነግድም አለች። ዛላምበሳ ላይ ጤፍና ቡና የሚያመላልሰው ነጋዴ በአንድ ቀን ኮንትሮባንዲስት ተባለ። ግንቦት ላይ የአሰብ ወደብ ተዘጋብን፤ ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ ወዲህ የከፈልነውን የወደብ ኪራይ ደምሩት። ባድመን በስሟ የሰማው ሰው ከጦርነቱ በፊት ስንት ነበር?

ሻለቃ፦ ባድመን አታናንቃት። ሰው ሞቶባታል።

የወደቡ ሰው፦ እኔም የምለው እሱን ነው፣ ሻለቃ።

የተባረረው፦ ልግባ። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ቄራ ያደግሁ ነኝ። በ1990 ክረምት ቤተሰባችን «ኤርትራዊ ናችሁ» ተብሎ በአውቶቡስ ተጭኖ ሄደ። ወደ 75 ሺህ ሰው እንዲሁ ሄዷል። ስለ ሙስና ስታወሩ ይሄንንም ጨምሩበት። ለብዙዎች ቤታችሁን በአንድ ወር ውስጥ ሽጡ ተባለ። በአንድ ወር የሚሸጥ ቤት ምን ያወጣል? ማን ገዛው? የአልጀርሱ ስምምነት ያቋቋመው የካሣ ኮሚሽን ራሱ በዚህ ኢትዮጵያን ተጠያቂ አድርጓል። የኔን ቤተሰብ ንብረት በእጁ ያስገባው ሰው ግን የመንግሥት ሰነድ ላይ የለም። ጦርነቱ ሕጋዊ አድርጎለታል።

አሁን ደግሞ ወደ ሄድኩበት አገር፣ ወደ ኤርትራ፣ ልምጣ። ሻለቃ «ይቆይ» ይላሉ። እዚያ ቆየ። በ1993 አሥራ አምስት ትልልቅ ባለሥልጣናት ለፕሬዚዳንቱ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ጦርነቱ እንዴት ተመራ፣ ሕገ መንግሥቱ የት ደረሰ፣ ምርጫው መቼ ነው አሉ። መስከረም 8 ቀን 1994 አሥራ አንዱ ተያዙ። ጴጥሮስ ሰለሞን፣ ማሕሙድ ሸሪፎ፣ ኃይለ ወልደትንሣኤ፣ ሁሉም የበረሃ ታጋዮች ናቸው። የግል ጋዜጦች በአንድ ላይ ተዘጉ። እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ስዬ ቢያንስ ችሎት ቆሟል። የአገሪቱ በጀት ለሕዝብ ታትሞ አያውቅም። ውጭ ያለነው ግን ከገቢያችን ሁለት በመቶ እንከፍላለን። ወጣቱ ብሔራዊ አገልግሎት ገብቶ መቼ እንደሚወጣ አያውቅም። ለምን ሲባል ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ «ወያኔ ባድመን ይዞ እንዴት?» በሐምሌ 2010 ሰላም ወረደ። አገልግሎቱ ግን አልቀረም።

ሻለቃ፦ እኛን ከእነሱ ጋር አታወዳድረን። ማን እንደወረረም የካሣ ኮሚሽኑ በ1998 ወስኗል። ኤርትራ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 የትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የሙስና ዝርዝር ላይ እንኳ፣ ከፍ ያለ ነጥብ ያለው የተሻለ ነው፣ እኛ ከ100 37 አለን፤ እነሱ 13 ናቸው።

የሁለት ሺው ልጅ፦ 37 አምጥቼ ቤት ብገባ አባቴ «ጎረቤትህ 13 ነው ያመጣው» ብሎ የሚያጨበጭብልኝ አይመስለኝም።

የተባረረው፦ ሻለቃ፣ የወረራው ፍርድ ትክክል ነው፤ አልክድም። ባድመን ለኤርትራ የሰጠውስ የድንበር ኮሚሽን?

ከሜሪላንድ፦ እሱን አታንሳብኝ! ሚያዝያ 1994 ውሳኔው የተሰማ ቀን ባድመ የእኛ ሆነች ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረን። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ጨፈርን። ቆይተን ነው የተገላቢጦሽ መሆኑን የሰማነው። ቤቱ መርዶ የገባበት ሰው እንዴት እንደዚህ ይታለላል?

የሕግ ሰው፦ የካሣውንም ሒሳብ ልንገራችሁ። ነሐሴ 2001 ላይ የካሣ ኮሚሽኑ ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ወሰነ። ቢቀናነስ ልዩነቱ ከ10 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ከ70 ሺህ ሰው በላይ የሞተበት ነገር በወረቀት ላይ የመጨረሻ ሒሳቡ ይሄ ነው።

የሁለት ሺው ልጅ፦ እሺ፣ እኔ የማስታውሰውን ልበል። ሜቴክ፣ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን። መከላከያ የሚያስተዳድረው ድርጅት ነበር። የስኳር ፋብሪካውም፣ የሕዳሴ ግድቡ የብረታ ብረት ሥራም ለእሱ ተሰጠ። ኅዳር 2011 ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል ብለው መግለጫ ሰጡ። ለምን ጨረታ አልነበረውም? ለምን ኦዲተር አልገባም? ምክንያቱም «የመከላከያ ነው፣ ምስጢር ነው» ይባል ነበር። ጦርነት አልነበረም እኮ! የጦርነቱ ሰበብ ግን እንዳለ ቀረ። እና ሻለቃ «ይቆይ» ሲሉኝ እስከ መቼ እንደሆነ ይንገሩኝ።

ሻለቃ፦ ሜቴክን ከሠራዊቱ ጋር አትደባልቅ። ሠራዊቱን ነጋዴ ያደረጉት ሰዎች ናቸው። እኔ ጡረታዬን ይዤ ቤቴ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ስኳር አንድ ማንኪያ አልደረሰኝም።

አወያይ፦ ሻለቃን ማንም አልከሰሰም። ወደ ጥያቄው እንመለስ። ነገ አንድ ነገር ቢነሳ በተግባር ምን ይደረግ ትላላችሁ?

የሕግ ሰው፦ ቀላሉን ልበል። የግንባሩ ምስጢር ምስጢር ይሁን። የት ጦር እንዳለ፣ ስንት ታንክ እንዳለ ማንም አይጠይቅ። ግዢውን ግን ዋና ኦዲተሩ ይይ። ለፓርላማው በዝግ ስብሰባ ያቅርብ። መዋጮ የሚሰበስብ ሁሉ በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪውን ያሳትም። ይሄ የትኛውን ወታደር ይጎዳል?

ሻለቃ፦ ፓርላማ ውስጥ ምስጢር የሚጠብቅ ማን ነው? ከሰዓት በኋላ የተባለው ማታ ፌስቡክ ላይ ነው።

የወደቡ ሰው፦ እሱ እውነት ነው።

የሕግ ሰው፦ የሚኒስትሩ ቢሮ ውስጥስ ምስጢር የሚጠብቅ አለ? ደላላው ዋጋውን ያውቃል። ሻጩ አገር ያውቃል። የሻጩ ጎረቤት አገርም ያውቃል። የማያውቀው ከፋዩ ብቻ ነው።

ከሜሪላንድ፦ እኔ ቆርጫለሁ። ሒሳቡን ካላሳዩኝ አንድ ዶላር አልሰጥም።

ሻለቃ፦ አንቺ አትስጪ። ልጁ ግን ይዘምታል። ባዶ እጁን ይዝመት?

ከሜሪላንድ፦ በሌባ የተገዛ ጠመንጃ ከባዶ እጅ ይሻላል እያሉኝ ነው?

ሻለቃ፦ አዎ፣ ይሻላል! ጥይት ሲመጣብሽ ታውቂው ነበር።

የሁለት ሺው ልጅ፦ ይቅርታ ሻለቃ፣ «ልጁ» የምትሉት እኔን ነው። ዕድሜዬ ለዚያ ደርሷል። ጠመንጃው ከመምጣቱ በፊት ደረሰኙን ልየው።