አንጎላ 1975፦ ኩባ «የታዘዘችውን» ነው የፈጸመችው?

ጎህ፦ ነጭ ሳር ትናንት «አንጎላን ነፃ ያወጣት ሞስኮ ናት፤ ኩባ የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው» ብሎ ጻፈ። ይሄ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቀኖቹን በፈረንጆቹ ልጥቀስ። ካስትሮ ለኤም ፒ ኤል ኤ፣ ማለት ሉዋንዳን ለያዘው የአጎስቲኖ ኔቶ የነፃነት ድርጅት፣ ጦር ለመላክ የቆረጠው ኖቬምበር 4 ቀን 1975 ነው። ልዩ ኃይሉ የተሳፈረው «ብሪታኒያ» በሚባል አሮጌ አውሮፕላን ነው። ባለ ፕሮፔለር ስለሆነ ከሃቫና ተነሥቶ ሉዋንዳ በአንድ በረራ አይደርስም፤ ባርቤዶስ፣ ጊኒ ቢሳውና ብራዛቪል እያረፈ ነዳጅ ይሞላል። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ሲቪል ለብሰው ነው የሄዱት። ዲሴምበር ላይ ዋሽንግተን ባርቤዶስን ተጭና ያንን መንገድ አስዘጋች። የሶቪየት ኢል 62 አውሮፕላን ለማመላለሻ የመጣው ጃንዋሪ 1976 ነው፣ ሉዋንዳ ከዳነች ከሁለት ወር በኋላ። ያዘዘ ሰው ሁለት ወር ቆሞ ያያል? የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭ እኮ ያኔ ከአሜሪካ ጋር በኑክሌር መሣሪያ ገደብ ድርድር ላይ ነበር። አንጎላ ድርድሩን እንድታበላሽበት አይፈልግም።

ነጭ ሳር፦ አውሮፕላኑን ተዪውና መሣሪያውን ንገሪን። የአንጎላ ነፃነት ሊታወጅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኖቬምበር 10፣ የኤም ፒ ኤል ኤ ተቀናቃኝ የኤፍ ኤን ኤል ኤ መሪ የሆልደን ሮቤርቶ ጦር ከዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ ኪንሻሳ) ሻለቆች ጋር ኪፋንጎንዶ ደርሶ ነበር። ከሉዋንዳ ከሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ የከተማዋ ውሃ መግፊያም እዚያው ነው። መንገዱ አንድ ነው፣ ግራና ቀኙ ረግረግ ነው፣ ፊት ለፊት የቤንጎ ወንዝ አለ። እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ተሰልፈው ሲመጡ የሶቪየቱ ሮኬት ተኳሽ ቢ ኤም 21 ወረደባቸው። ባለ 40 ቱቦ፣ 122 ሚሊ ሜትር፣ አርባውንም ሮኬት በ20 ሰከንድ የሚጨርስ። ኩባ ሮኬት ትሠራለች? የሞስኮ መሣሪያ ባይኖር ሉዋንዳ በማግስቱ የሮቤርቶ ነበረች።

የዕለቱ መምህር፦ ኪፋንጎንዶን ካነሣችሁ የወዲያኛውንም ወገን አንሡ። ሮቤርቶ ከዛየር የመጡ ሁለት 130 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሩት፤ የሰሜን ኮሪያ ሥሪት ናቸው። አንደኛው ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈንድቶ የራሱን ተኳሾች ፈጀ። ሁለተኛውም ከሸፈ። የቀሩት የደቡብ አፍሪካ 140 ሚሊ ሜትር መድፎች ርቀታቸው ከቢ ኤም 21 ያንሳል፤ ስለዚህ ሮኬቶቹን ዝም የሚያሰኝ አልነበረም። በኋላም ደቡብ አፍሪካውያኑ መድፈኞች በጦር መርከብ ነው ከባሕር ዳርቻ የተወሰዱት። እንግዲህ ተመልከቱ፦ የአሜሪካ ገንዘብ፣ የኮሪያ መድፍ፣ የፕሪቶሪያ ተኳሽ፣ በዚያ ላይ ቻይና ያሠለጠነችው እግረኛ፣ ሁሉም በአንድ ሰልፍ። ይህንን «ምሥራቅና ምዕራብ» ብሎ ለሁለት መክፈል አይቻልም።

ጎህ፦ ነጭ ሳር፣ «የታዘዘችውን» ያልከውን አሁንም አላስረዳህም። ማስታጠቅና ማዘዝ አንድ አይደለም። ሜይ 27 ቀን 1977 ከራሱ ከኔቶ ፓርቲ ያመፁት የኒቶ አልቬስ ሰዎች ኔቶን ሊገለብጡ ሲነሡ የኩባ ታንክ ለኔቶ ነው የቆመው። ሞስኮ ደግሞ ለአልቬስ ወገን ታደላለች ተብላ ስትጠረጠር ነበር። ታዛዥ የጌታውን ሰው ይመታል?

ነጭ ሳር፦ ጥሩ ቀን አነሣሽ። ከዚያ ቀን በኋላ ኔቶ የራሱን ፓርቲ ሰዎች በሺዎች ነው ያስፈጀው። ነፃ አውጪ የምትዪው እሱን ነው?

ሰሜን ኮከብ፦ ሁለታችሁም 1975ን ይዛችሁ ቀራችሁ። ፖርቱጋል እስከዚያ እንዴት ቆየች? አሜሪካ በፖርቱጋል ደሴቶች በአዞረስ የምትጠቀምበት የላዤሽ ጦር ሰፈር ነዋ! ኬኔዲ ማርች 1961 በተባበሩት መንግሥታት ፖርቱጋልን ተቃውሞ ድምፅ አሰጠ። የሰፈሩ ውል ግን በ1962 የሚያበቃ ስለነበር የፖርቱጋሉ ገዢ ሳላዛር ውሉን ሳያድስ አንጠልጥሎ ያዘው፣ ዋሽንግተንም ለዘብ አለች። ሌላኛውን ጎን ደግሞ እዩ። በአንጎላ፣ በጊኒ ቢሳውና በሞዛምቢክ የተዋጉት ገበሬዎች የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አባል የሆነች አገር ጦር ለ13 ዓመት አድክመው፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1974 የራሱ መኮንኖች ሊዝበን ላይ መንግሥቱን እንዲገለብጡ አደረጉ። ኃያላኑ አፍሪካን ቀረጹ እያላችሁ ይህንን መዝለል ግፍ ነው።

የዕለቱ መምህር፦ እውነት ነው። የገንዘቡን ቅደም ተከተልም እንየው። ሦስቱ የአንጎላ የነፃነት ድርጅቶች (ኤም ፒ ኤል ኤ፣ ኤፍ ኤን ኤል ኤና ዩኒታ) ከፖርቱጋል ጋር የነፃነቱን ስምምነት አልቮር በምትባል የፖርቱጋል ከተማ የፈረሙት ጃንዋሪ 15 ቀን 1975 ነው። በዚያው ወር ዋሽንግተን ለሮቤርቶ 300,000 ዶላር በምስጢር ፈቀደች። ጁላይ ላይ ፕሬዚዳንት ፎርድ 14 ሚሊዮን አደረሰው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአፍሪካ ጉዳይ ኃላፊው ናትናኤል ዴቪስ አይሆንም ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ኦክቶበር 14 የደቡብ አፍሪካ ጦር ሲገባ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ከአፓርታይድ ጋር የቆመን ማን ይደግፋል? ናይጄሪያ ወዲያው ለኔቶ መንግሥት ዕውቅና ሰጠች፣ 20 ሚሊዮን ዶላርም ጨመረች። ዲሴምበር 19 የአሜሪካ ሴኔት 54 ለ22 ገንዘቡን ቆረጠ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ የኛንስ ለምን ትዘሉታላችሁ? ጃንዋሪ 1976 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ለሁለት ተከፈለ፤ 22 ለኤም ፒ ኤል ኤ፣ 22 ለጥምር መንግሥት። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት ኢትዮጵያና ኡጋንዳ ብቻ ናቸው። ሶሻሊስት ነኝ የሚለው ደርግ!

ሰሜን ኮከብ፦ ደርግ ያኔ የሚታጠቀው ከአሜሪካ ነበር። ደግሞም ጉባኤውን አስተናጋጅ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ ኡጋንዳ ሊቀ መንበር ነበረች፣ ይሁን። አስተናጋጅነት ግን ድምፅ አያስከለክልም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከአንጎላ የመጡ የኩባ ወታደሮች ኦጋዴን ላይ ከኛ ጋር ተሰለፉ። ያኔ ዝም ያለው ሰው በኋላ ስለ ወንድማማችነት ሲያወራ ያሳዝናል።

ነጭ ሳር፦ ከርዕስ ወጣችሁ። ጎህ፣ በአንጎላዋ ካቢንዳ የአሜሪካውን ኩባንያ የገልፍ ኦይልን የነዳጅ ጉድጓድ የሚጠብቁት የኩባ ወታደሮች አልነበሩም? አብዮት ማለት ይሄ ነው?

ጎህ፦ ነበሩ። ከዚያ ዘይት የሚመጣው ዶላር የኔቶን መንግሥት ያቆመው ነበር፤ ሞስኮ ያንን አትሸፍንም። አሁን አንተ መልስ፦ ያንን ጥበቃም ሞስኮ አዝዛ ነው? «የታዘዘችውን» የሚለውን ወይ አንሣ፣ ወይ ትእዛዙን ከነቀኑ አምጣ።