ጉሬዛ ሙዝ ይበላል እንዴ?

የአራት ኪሎዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ አሞራ ገደል ሄደን ልጄ ለጉሬዛ ሙዝ ልትሰጥ ስትል፣ ዓሣ የሚጠብሰው ልጅ «ተይው፣ ሆዱን ይነፋዋል» አላት። ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። ሙዝ ካልበላ ምን ይበላል? ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ተጎልቶ የሚውለው ታሞ ነው ወይ? እኔ ባንክ ቤት ነው የምሠራው፤ ከባዮሎጂ ጋር ከተለያየን ቆየን። የምታውቁ እርዱኝ።

የታክሲ ተራ፦
ከምሳ በኋላ እኔም እንደዛው ነኝ፤ ማንም ታሟል ብሎኝ አያውቅም። ሃሃሃ።

ጡረተኛው መምህር፦
እህቴ፣ ዓሣ ጠባሹ እውነቱን ነው። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ከሁሉ የሚወደው ለጋውን ነው። እንቡጥና ጥሬ ፍሬም ካገኘ አይምርም። ሆዱ ክፍል ክፍል አለው። ቅጠሉ እዚያ ገብቶ ለረጅም ሰዓት ይብላላል፤ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። የጠላ ጋን ተሸክሞ ይዞራል በዪው። የበሰለ ሙዝ ወይም ብስኩት ሲገባበት ስኳሩ በአንዴ ይፈላል፤ አሲድ ይበዛል፣ ጋዝ ይሞላል። እነዚሁ ባክቴሪያዎች በአንዳንድ ቅጠል ውስጥ ያለውን መርዝ ጭምር ያረክሱለታል። ሌላ ዝንጀሮ የማይደፍረውን ቅጠል እሱ የሚበላው ለዚህ ነው።

መጎለቱ ደግሞ ሕመም አይደለም። ቅጠል ብዙ ጉልበት አይሰጥም፣ ስለዚህ እንስሳው ቆጣቢ ነው። ከቀኑ ግማሽ በላይ ያርፋል። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል አውራው ያገሳል፣ የጎረቤት መንጋ አውራ ይመልስለታል። ዝሆን ነው ብሎ የሚደነግጥ እንግዳ አይቻለሁ! ፀሐይ ስትወጣ ሆዳቸውን ወደ እሷ አዙረው ይሞቃሉ። ከዚያ መብላት፣ መተኛት፣ ፀጉር መፈታተሽ፣ ደግሞ መብላት። ውሃውንም ቢሆን አብዛኛውን ከቅጠሉ ያገኙታል።

ሲበላ ቀረብ ብለሽ እጁን እይ። አውራ ጣት የለውም፣ በቦታው ትንሽ ጉብታ ብቻ ናት። ቅርንጫፉን በአራቱ ጣቶቹ እንደ ሜንጦ ይዞ ወደ አፉ ይጎትታል፣ ቅጠሉንም በጥርሱ ይነጫል።

የአራት ኪሎዋ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ አንዲት ነጭ ግልገል አይታ ደግሞ «የፈረንጅ ጉሬዛ» እያለች ነው። ሌላ ዝርያ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦
የራሳቸው ልጅ ናት። ሲወለድ ፀጉሩ ነጭ፣ ፊቱ ሮዝ ነው። ሦስት አራት ወር ሲሞላው ጥቁርና ነጩን ይይዛል። እናቱ ብቻ አይደለችም የምታቅፈው፤ ሌሎቹ ሴቶችም ይቀባበሉታል፣ አንዳንዴ እናቲቱ ነጥቃ እስክትወስደው ድረስ።

የፒያሳ ልጅ፦
ድሮ ቸርችል ጎዳና ላይ የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ ይሸጥ ነበር። አክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አለ፣ ክብ ሆኖ የተሰፋ፣ ስንት ጉሬዛ እንደፈጀ እንጃ። እኔን ግራ የሚገባኝ ጭላዳ ነው። እሱም ቅጠል በል አይደለም?

ጡረተኛው መምህር፦
ጭላዳ ሣር በል ነው። ደጋ ላይ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ በጣቶቹ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ጣቶቹም ለዚህ የተመቹ ናቸው። ሆዱ ግን እንደ ጉሬዛ አልተከፋፈለም። ቅጠል ላይ ሙጭጭ ያለ ሌላ ከፈለግህ የባሌ ጦጣ አለልህ፤ እሱ የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ካገኘ ሌላ አያምረውም።

እህቴ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ሀዋሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ጉሬዛ አለ። ማልዳችሁ ውጡ። ለልጅቷ ሹራብ አትርሺ፣ ሱባ ጠዋት ይበርዳል።