ሣሩ ቢጫ ሲሆን ማንን እንጥራ? ምንስ እንግዛ?

ጥያቄ (ከሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ)፦ የግቢያችን ሣር ቢጫ እየሆነ ነው። ጥበቃችን ጠዋትና ማታ ያጠጣዋል፣ ግን ጭራሽ ባሰበት። ጎበዝ አትክልተኛ ወይም ጥሩ ማዳበሪያ ጠቁሙኝ እስቲ።

መልስ (ከአያት ሰፈር)፦ እህቴ፣ ማዳበሪያውን ለጊዜው ተይው። ጠዋትና ማታ ካልሽ በሽታው ራሱ ውሃው ነው። በእኛ በኩል አፈሩ በብዛት ጥቁር ነው፤ ውሃ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ሣሩን አረንጓዴ የሚያደርገው ናይትሮጅንም ከውሃው ጋር ይሄዳል። ዩሪያ በትነሽ እንደዚሁ ካጠጣሽው ብርሽን ቱቦ ውስጥ ደፋሽው ማለት ነው።

መጀመሪያ ረጅም ካቻቢቴ ሣሩ ውስጥ ሰኪ። ያለ ጉልበት እስከ እጀታው ከገባና ጭቃ ይዞ ከወጣ አታጠጪ። መጥፎ ሽታ፣ እንጉዳይ ወይም እንግጫ ካየሽም ምክንያቱ ያው ነው።

ዕቃ ከገዛሽ ጫፉ ላይ የሚረጭ አፍ ያለው ጎማ ይበቃሻል። ተሽከርካሪው ስፕሪንክለር እኩል ያዳርሳል፣ ግን ግፊት ይፈልጋል። መሬት ላይ ከተቀመጠ ሮቶ ያለ ፓምፕ አይዞርም። በሰዓቱ ራሱ የሚከፍተውን ታይመር ግን አልመክርም። በፈረቃ በሚመጣ ውሃ ምን ያደርግልሻል? ሲከፍት ውሃ የለም፤ ውሃ ሲኖር ደግሞ ዝናብ እየዘነበም ያጠጣል።

መጠኑን ልንገርሽ። በበጋ በሳምንት 25 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃዋል። 1 ሚሊሜትር በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። 20 ካሬ ሣር ካለሽ 500 ሊትር፣ ማለትም የባለ 1000 ሊትር ሮቶ ግማሽ ማለት ነው። ሁለት ቀን ከፍለሽ፣ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ አጠጪ። ማታ ከሆነ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ ሻጋታ የሚወደው ይሄንን ነው። የቱና ቆርቆሮ ሣሩ መሐል ብታስቀምጪ ስንት እንደወረደ ይነግርሻል።

አትክልተኛን በተመለከተ፣ በየቀኑ የሚመጣ በወር ደሞዝ አትቅጠሪ። ሥራ ፈት እንዳይባል ጎማውን ይዞ ይውላል (አይፈረድበትም)። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡትን ልጆች በሥራ ተዋዋያቸው። በአትክልተኛ ሹካ መሬቱን ይበሳሱልሽና ብስባሽ ይበትኑበት፤ ሣሩንም ሙልጭ አድርገው እንዳያጭዱት ንገሪያቸው። ላንድስኬፕ ድርጅት የሚያስፈልግሽ ውሃው ወደ ቤቱ መሠረት እየሄደ የሚተኛ ከሆነ ነው። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳም ይዞ ይሰነጠቃል። ስለ ተዳፋትና ስለ ማፍሰሻ ሳይጠይቅ አዲስ ሣር ላንጥፍ የሚልሽን አሰናብቺው።

ከሽሮ ሜዳ፦ እኛ ጋ ቀይ አፈር ነው፣ ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል። ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ግን ሰው ውሃ በመጣ ቀን ጎማ ከፍቶ ይተኛል!

ከሲኤምሲ፦ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ፤ ሽታውም አለ። ታዲያ መቼ ላጠጣ?

ከአያት፦ ሣሩን ረግጠሽ ዱካሽ ቶሎ ካልተነሳና ቀለሙ ወደ ግራጫ ካደላ ያኔ ጠምቶታል። ኪኩዩም ሰርዶም የሚባሉት የግቢ ሣሮች ጥም ይችላሉ፣ አትፍሪ። እስከዚያው የጎማውን ቧንቧ ዝጊው።