ጥቆማ፦ የአሮጌ ኮሮላ የነዳጅ ጌጅ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጥያቄ፦ የ1990ዎቹ ሞዴል ኮሮላ ነው። ቤንዚን ተሞልቶም የነዳጅ ጌጁ ባዶ ላይ ይቆማል፤ የሞተር ሙቀቱ ጌጅ ግን በትክክል ያሳያል። ሶማሌ ተራ (ያገለገለ የመኪና ዕቃ ገበያ) ሄጄ ያገለገለ ሙሉ ክሩስኮት (ጌጆቹ ሁሉ ያሉበትን ሰሌዳ) ልግዛ ወይስ ኤሌትሪሺያን ጋር ላሠራው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክሩስኮት ለመግዛት አትቸኩል። ለሁለቱም ጌጆች ኤሌትሪክ የሚመጣው ከአንድ ፊውዝ ስለሆነ፣ ችግሩ ፊውዙ ወይም የክሩስኮቱ ማሳ (ከቦዲው ጋር የሚያያዘው የኔጌቲቭ መስመር) ቢሆን ኖሮ የሙቀቱም አብሮ ይበላሽ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ያለው የነዳጅ መጠን የሚለካው ሰንሰር ነው።

የኋላውን መቀመጫ አንሥተህ ከሥሩ ያለውን ክዳን ፍታና የሰንሰሩን ሶኬት ንቀል። ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ 3.4 ዋት በሆነች ትንሽ አምፖል በኩል ከቦዲ ጋር አገናኝና ቁልፍ ክፈት። አምፖሏ በርታ ጠቋሚው ወደ ሙሉ ከወጣ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው። በርታ ጠቋሚው ካልተነቃነቀ ችግሩ ጌጁ ነው። ጭራሽ ካልበራች ሽቦው ወይም የጌጁ ጥቅል ተበጥሷል። አምፖል ሳያስገባ ሽቦውን በቀጥታ ማሳ የሚያደርግ ሠራተኛ ካየህ አስቁመው፣ ጌጁን ሊያቃጥልብህ ይችላል።

ሰንሰሩን ስታወጣ ነዳጁ ከሩብ በታች ይሁን፣ የባትሪው ኔጌቲቭም ይነቀል። በመልቲሜትር ለካው፦ ተንሳፋፊው ታች ሲሆን 110 ኦም አካባቢ፣ ግማሽ ላይ 32 አካባቢ፣ ላይ ሲደርስ 3 አካባቢ መሆን አለበት። ቀስ እያልክ ስታነሣው ቁጥሩ ከዘለለ መንገዱ (የተንሳፋፊው ክንድ የሚንሸራተትበት የሰንሰሩ ክፍል) ተበልቷል። ተንሳፋፊውን ደግሞ ወዝወዝ አድርገው፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ቀዳዳ አለው፣ ሰጥሞ ነው ባዶ የሚያሳይህ።

ሌላ መልስ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ስለ ግዢው ልጨምር። ሰንሰር ከሆነ ያገለገለ አልመክርም፤ የተበላ መንገድ በሌላ የተበላ መንገድ መተካት ነው። አዲስ ግዛ፣ አሮጌውን ይዘህ ሂድና የዘንጉን ርዝመትና የሶኬቱን እግሮች አስተያይ፤ ሻጩ ሳይለካ አትክፈል። ለሁሉም መኪና ይሆናል የሚባለው ሰንሰር ኦሙ ከቶዮታ ጌጅ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ለምሳሌ ብዙ የአሜሪካ ጂኤም መኪኖች ባዶ ላይ 0፣ ሙሉ ላይ 90 ኦም ናቸው፣ ማለትም ተገላቢጦሽ። ጓርኒሲዮኑንም (በሰንሰሩና በሳልባትዮው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) አዲስ አድርግ። ተራ ሲልከን ቤንዚን ሲነካው ይለሰልስና ሽታው መኪና ውስጥ ይገባል።

ሶማሌ ተራ የሚያዋጣው ጌጁ ራሱ ከሞተ ነው። ያኔም ሙሉውን አትቀይር፤ ካገለገለው ክሩስኮት የነዳጅ ጌጁን ብቻ ፈትተህ ወደራስህ አዛውር፣ ኪሎሜትርህ እንዳለ ይቆያል። አርፒኤም (የሞተር ዙር የሚያሳይ ጌጅ) ያለውና የሌለው ክሩስኮት ሶኬታቸው ስለሚለያይ የራስህን ይዘህ ሂድ። ሻርጃ ዘመድ ካለህም ያገለገለ ዕቃ እዚያ በብዛት ይገኛል፤ ፎቶውን ከፊትም ከኋላም ላክለት።

ሦስተኛ መልስ፦ የሙቀት ጌጅ ለሚያስቸግራቸው፦ ኢንጀክሽን በሆነው (ካርቡሬተር በሌለው) ሞተር ላይ ባለ አንድ ሽቦው ሰንሰር የጌጁ ነው፣ ባለ ሁለቱ የኮምፒውተሩ። ብዙ ሰው የማይመለከተውን ገዝቶ ይመጣል። የጌጁ ሰንሰር በሚጠብቅበት ጥርስ ላይ ቴፍሎን (የቧንቧ ማሸጊያ ቴፕ) አትጠምጥሙ፤ ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ ነው። ይህን ጌጅ ደግሞ «ነገ አሠራዋለሁ» ብላችሁ አትንዱ፣ ውኃ ሲያልቅ የሚነግራችሁ ነገር ስለማይኖር ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል።