አስቸኳይ፦ ልጄ በኤፒ የአሜሪካ ታሪክ 2 አመጣ፤ እስከ ዓርብ ልፈርም ወይስ ልተው?

የሌሊት ተረኛ (ረቡዕ ማታ)

እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ፈጥኖ ይመልስልኝ። ልጄ በኤፒ (ሁለተኛ ደረጃ ላይ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው) የአሜሪካ ታሪክ ድርሰት 2 አመጣ። ካውንስለሯ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ወደ መደበኛው ክፍል የሚዛወርበትን ቅጽ ልካልኛለች። እስከ ዓርብ ከሰዓት ፈርሜ ካልመለስኩ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቆያል፣ ውጤቱም በትራንስክሪፕቱ፣ በውጤት መዝገቡ፣ ላይ ይወጣል አለችኝ። ቅጹ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥራ እገባለሁ። ልጁ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፣ ወይም የተኛ መስሏል። ታሪክ የሚወድ ልጅ ነው፤ ገና በትንሽነቱ የፕሬዚዳንቶቹን ስም በቅደም ተከተል ይጠራልኝ ነበር። ዛሬ ግን «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» አለኝ። ልፈርም ወይስ ልተው?

የቨርጂኒያው አባት

እህቴ፣ 2 ከስንት? ዲቢኪው የሚሉት ሰነድ እያነበቡ የሚጻፈው ድርሰት ከ7 ነው የሚታረመው። ያለ ሰነድ የሚጻፈው ረጅሙ ድርሰት ከ6 ነው። በሜይ ወር የሚወሰደው ዋናው ፈተና ደግሞ ከ1 እስከ 5 ነው የሚሰጠው። ሦስቱ ለየቅል ናቸው። ስንተኛ ክፍል ነው? የጻፈው ክፍል ውስጥ በሰዓት ነው ወይስ ቤት? ይህን ሳናውቅ ፈርሚም አትፈርሚም ማለት ይከብዳል።

ዳላስ ያለሁት

እኔ ጥያቄው ራሱ አይጥመኝም። ልጁ «አልተፈጠርኩም» ካለ ለምን እናስጨንቀዋለን? ጎረቤት ያስመዘገበውን ሁሉ እኛም ማስመዝገብ አለብን? አንድ ልጅ አራት ኤፒ ይዞ እንቅልፍ ሲያጣ አይቻለሁ፣ የወንድሜ ልጅ ነው። በዋናው ፈተና የመጣ 3ን ለኮሌጅ ክሬዲት ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይቀበልም፣ አንዳንዱ 4 ወይም 5 ይላል። መደበኛው ክፍልም ታሪክ ነው የሚያስተምረው። ፈርሚና ልጅሽን አሳርፊው።

ነርሷ

ካርድ ይሥራ። በአንድ በኩል ዓመተ ምሕረቱን፣ በሌላው በኩል የሆነውን ነገር ይጻፍ። የእኔ ልጅ ከ300 በላይ ካርድ ሠርታ ነው ያለፈችው።

ጡረታ የወጣ መምህር

ልጄ፣ እኔ አገር ቤት 27 ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ መጥቼም የልጅ ልጆቼን የታሪክ ደብተር እያገላበጥሁ ነው የምውለው። እኛ ስንማርም ሆነ ስናስተምር ጥያቄው «መቼ፣ የት፣ ማን» ነበር። እዚህ ጥያቄው «ለምን፣ እስከ ምን ድረስ፣ በምን ማስረጃ» ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ካርድ ቢደረደርም አይሸፈንም። ለተማሪዎቼ የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 አነብላቸው ነበር። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው አንዱ ውል በአማርኛው ሌላ፣ በጣልያንኛው ሌላ ነው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት በኩል መሄድ ይችላሉ ይላል፤ ጣልያንኛው ግድ ያደርገዋል። «ማን ጻፈው? ለማን? ምን ፈልጎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣል። ያን ቀን ያ ልጅ ታሪክ ገባው ማለት ነው። የአሜሪካውም ትምህርት ከልጅሽ የሚፈልገው ያንን ነው። ሰነዱን ይጠርጥረው፣ ያናግረው። ማንበብ ብቻ አይበቃም። የዛሬ ልጆች ደግሞ ስልክ ላይ ተጥደው ውለው መጽሐፍ ማገላበጥ ትተዋል፤ ይህን በሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ።

የሌሊት ተረኛ

ከሥራ ነው የምጽፈው፣ እረፍት ላይ ነኝ። ይቅርታ፣ ሳልናገር ቀረሁ። 11ኛ ክፍል ነው። ዲቢኪው ነው፣ ከ7። ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት የጻፉት። ትምህርት ቤቱ ውጤት የሚያሳይበት ገጽ ላይ 28 ከመቶ ይላል፣ በቀይ። የክፍል ውጤቱ ከ81 ወደ 64 ወረደ። ጥያቄው ከ1754 እስከ 1763 በሰሜን አሜሪካ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተካሄደው ጦርነት በቅኝ ግዛቶቹና በእንግሊዝ መካከል የነበረውን ግንኙነት ምን ያህል እንደለወጠው ነው። አራት ገጽ ጽፏል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «በታሪክ ውስጥ ጦርነቶች ብዙ ለውጥ አምጥተዋል» ይላል። አስተማሪው ከጎኑ በቀይ «ታዲያ ምን?» ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ያለው «ሰነድ 1 እንዲህ ይላል፣ ሰነድ 2 እንዲህ ይላል» እያለ እስከ 7 ይሄዳል። እኔ ሳነበው ጥሩ መሰለኝ፤ ሁሉንም ጽፎታል።

ነርሷ

ቀኖቹን ካላወቀ ነው። በካርድ ይያዛቸው፣ እመኚኝ።

ካቻምና የተፈተነ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ 11ኛ ክፍል ሆኜ ይህንኑ ፈተና ወስጄ 4 አምጥቻለሁ፤ በኦክቶበር የጻፍኩት የመጀመሪያው ዲቢኪው ግን 2 ነበር፣ ከ7። ስለዚህ እባክዎን ዛሬ አይፈርሙ፤ መጀመሪያ ይህን ያንብቡ።

ሰባቱ ነጥቦች እንዲህ ነው የሚከፋፈሉት። ጥያቄውን የሚመልስ ግልጽ መከራከሪያ፣ እነርሱ ቴሲስ የሚሉት፣ 1 ነጥብ አለው። ከዘመኑ በፊት ወይም ዙሪያ የነበረውን ሁኔታ ማስረዳት 1። ከሰነዶቹ ቢያንስ የሦስቱን ይዘት ከጥያቄው ጋር አያይዞ መግለጽ 1፤ ቢያንስ አራቱን ለመከራከሪያው ማስረጃ ካደረጋቸው ግን 2 ይሆናል። ከሰነዶቹ ውጭ ከራስ እውቀት የመጣ ማስረጃ 1። ቢያንስ ሁለት ሰነዶች ላይ ማን፣ ለማን፣ ለምን እንደጻፈውና ያ ለመከራከሪያው ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት 1። የመጨረሻዋ ነጥብ የነገሩን ውስብስብነት ለሚያሳይ ድርሰት ናት።

ልጅዎ ያገኛቸው ሁለት ነጥቦች ምናልባት የዘመኑ ሁኔታና የሰነዶች ይዘት ናቸው። ታሪኩን ያውቃል ማለት ነው! የጎደለው ክርክሩ ነው። «ጦርነቶች ለውጥ አምጥተዋል» የሚለውን በዓለም ላይ የሚቃወም የለም፣ ስለዚህ መከራከሪያ አይሆንም። እንዲህ ቢጽፍስ፦ «ጦርነቱ የእንግሊዝን ዕዳ ወደ እጥፍ ስላስጠጋው ፓርላማው ቅኝ ግዛቶቹን በቀጥታ ግብር ወደ መጠየቅ ዞረ፤ ይህም ቀድሞ ብዙም ሳይጠየቁ ራሳቸውን ያስተዳድሩ የነበሩትን ሰዎች የፓርላማውን ሥልጣን ወደ መካድ ገፋቸው፤ ሆኖም እስከ 1775 ድረስ ብዙዎቹ ከንጉሡ ጋር መታረቅን ይመኙ ነበር።» አሁን የሚያስረዳው ነገር አለው። የ1763ቱ አዋጅ ከአፓላቺያን ተራሮች ወዲያ መስፈርን መከልከሉ፣ የ1765ቱ የቴምብር ሕግ፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሆኖም» ደግሞ በደንብ ከተብራራች የውስብስብነቷን ነጥብ ልታመጣ ትችላለች። በጁላይ 1775፣ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከተጀመረ በኋላ እንኳ፣ የቅኝ ግዛቶቹ ኮንግረስ ለንጉሡ የዕርቅ አቤቱታ ልኳል።

የሰነድ ምርመራውን በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት። መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሁሉ ያለ አንድ ሥዕል አለ፤ ፖል ሬቪር የቀረጸው፣ በማርች 5 ቀን 1770 በቦስተን የተፈጸመው ግድያ። አምስት ሰዎች ሞተዋል፤ ክሪስፐስ አተክስ አንዱ ነው። ሥዕሉን ከልጅዎ ጋር ይክፈቱት። ወታደሮቹ እንደ ሰልፍ ተደርድረው በአንድ ጊዜ ይተኩሳሉ፣ ከኋላቸው አዛዡ ሰይፉን አንሥቶ ያዛል፣ ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ናቸው። ከወታደሮቹ በላይ ካለው ሕንፃ ላይ «የሥጋ ሻጭ ቤት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። እውነተኛው ምሽት ግን ግርግር ነበር፤ በረዶና ዱላ ይወረወር ነበር። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ለወታደሮቹ ጥብቅና ቆሞ አዛዡና ስድስቱ ነፃ ወጥተዋል፣ ሁለቱ ሳያስቡ ሰው በመግደል ቢፈረድባቸውም አስቦ በመግደል አልነበረም። ልጅዎ «ሥዕሉ ወታደሮች ሲተኩሱ ያሳያል» ብሎ ከጻፈ ይዘቱን ብቻ ተናገረ። «ሬቪር ራሱ ከእንግሊዝ ተቃዋሚዎች ወገን ስለነበረና ሥዕሉን ድርጊቱ በተፈጸመ በሳምንታት ውስጥ ለሽያጭ ስላወጣው፣ ዓላማው ሕዝቡን ማስቆጣት ነበር፤ ይህም በ1770 ጠቡ ከግብር ክርክር አልፎ ወደ ስሜት ትግል መሻገሩን ያሳያል» ብሎ ከጻፈ ግን ያችን ነጥብ ለማግኘት የሚያስፈልገውን በአንዱ ሰነድ ሠራ። መምህሩ ከላይ በውጫሌ ውል ያስረዱት ይኸው ነው።

ጡረታ የወጣ መምህር

ተባረክ። እንዲህ ያለ ተማሪ ክፍሌ ውስጥ ቢኖረኝ ኖሮ ጡረታ አልወጣም ነበር።

ዳላስ ያለሁት

ጥሩ ብለሃል፣ ግን 64 ነው። ይህ ሁሉ ሰነድ ምርመራ 64ቱን አያነሣውም። ልጁ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላ 2 ቢያመጣስ?

የቨርጂኒያው አባት

እዚህ ላይ ልግባ፣ ምክንያቱም ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ነው። 28 ከመቶ የመጣው 2ን ለ7 በማካፈል ነው። ያ የማረሚያ ነጥብ ነው እንጂ መቶኛ እንዲሆን የተሠራ አይደለም። የልጄ አስተማሪ ዓመቱ ሲጀምር በማስተካከያ ሠንጠረዥ ነበር ነጥቡን ወደ ክፍል ውጤት የሚቀይሩት፤ ከ7 ላይ 4 ያመጣ ልጅ እንኳ ጥሩ ውጤት ይጻፍለት ነበር። ስለዚህ ነገ ጠዋት ለአስተማሪው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ላኪላቸው። ነጥቡ በቀጥታ ነው ወይስ ተቀይሮ የሚገባው? ድርሰቱን እንደገና መጻፍ ይፈቀዳል ወይ? ሌሎቹ ተማሪዎች ስንት አመጡ? መልሱን ሳታገኚ መፈረም የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይሆናል።

ሌላው፣ የክፍል ውጤቱና የሜይ ፈተናው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሜይ ፈተና ዲቢኪው ከጠቅላላው 25 ከመቶ ነው። 55ቱ የምርጫ ጥያቄዎች 40 ከመቶ፣ ሦስቱ አጫጭር መልሶች 20፣ ረጅሙ ድርሰት 15 ይይዛሉ። አንድ ድርሰት የተበላሸበት ልጅ አልወደቀም። በብዙ ትምህርት ቤቶችም ኤፒ ላይ የመጣ ቢ ለጂፒኤ፣ ለአማካይ ውጤቱ፣ ተጨማሪ ክብደት ይሰጠዋል፤ የእህታችንን የትምህርት ዲስትሪክት አላውቅም፣ ስለዚህ ካውንስለሯን ትጠይቅ።

ከልጄ ጋር ያሳለፍነውን ዓመት መቼም አልረሳውም። እራት ላይ ተቀናቃኞቹ የአሜሪካ መሥራቾች ሃሚልተንና ጄፈርሰን ካልታረቁ እንጀራ አይቆረስም ነበር! የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግና የ1980ው የስደተኞች ሕግ ጋ ሲደርሱ ግን ዝም ብላ ቆየችና «አባዬ፣ አንተ የመጣኸው በየትኛው ነው?» አለችኝ። በ1990ው ሕግ በመጣው ዲቪ መሆኑን ነገርኳት። ያንን ማታ ሁለታችንም ሳንተኛ አደርን።

ነርሷ

ካርድ ያልኩት ለምርጫው ጥያቄ ነው እኮ፣ 40 ከመቶ ራሳችሁ አላችሁ።

ካቻምና የተፈተነ

ልክ ነዎት፣ ለምርጫው ይረዳል። ግን ዘመኖቹን እኩል አያጥና። ኮርሱ ዘጠኝ ዘመን ነው። ከ1491 እስከ 1607 ያለውና ከ1980 ወዲህ ያለው እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 6 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከ1754 እስከ 1980 ያሉት ስድስቱ ዘመኖች እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 17 ከመቶ ይይዛሉ። ካርዱ እዚያ ላይ ይብዛ። ደግሞ አሁን ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ። በእጅ ብቻ የሚለማመድ ልጅ ሰዓቱ ያልቅበታል። ከአንዱ ሰዓት 15 ደቂቃው ለንባብ ነው፤ እኔ በዚያ ጊዜ ሰነዶቹን በሁለት ጎራ እየለየሁ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ መከራከሪያዬን አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጌ እጽፍ ነበር። ሳልጽፋት ድርሰቱን አልጀምርም።

የሌሊት ተረኛ (ሐሙስ ከሰዓት)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጠዋት ከሥራ እንደወጣሁ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ለአስተማሪው ሦስቱን ጥያቄዎች ላክሁ። አሁን መልሰውልኛል፦ እንደገና መጻፍ ይፈቀዳል፤ ስለ ነጥቡ ደግሞ ነገ ጠዋት ከክፍል በፊት ልጁን ይዤው እንድመጣ ነግረውኛል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያንን ሥዕል ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየሁት። ምንም አላልኩትም። ትንሽ አየውና «ሰይፉ ግን ለምን ከኋላቸው ሆነ?» አለኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቅጹ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። ነገ ከተመለስኩ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዳላስ ያለሁት

መልካም ዕድል እህቴ። ባይሆንም አትዘኚ፤ ልጁ ግን ራሱ ይወስን።

የቨርጂኒያው አባት (ሰኞ)

እህቴ፣ ምን ሆነ? ስንጠብቅሽ ነበር።

አዲስ አባል (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

የእኔም ልጅ ትናንት 3 አመጣች፣ ከ7። ይህ የነጥብ አከፋፈል የት ይገኛል? በእጄ ይዤ ላሳያት።

ካቻምና የተፈተነ

ፈተናውን በሚያዘጋጀው በኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ፣ ኤፒ ሴንትራል በሚባለው ክፍል፣ በነፃ። ያለፉት ዓመታት የድርሰት ጥያቄዎች፣ ማረሚያው፣ ተማሪዎች የጻፏቸው ናሙናዎችም ካገኙት ነጥብ ጋር አሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ከ2023 መኸር በፊት ያሉት የሚታረሙት በቀድሞው መስፈርት ነው። ያኔ ለሁለተኛው የማስረጃ ነጥብ ስድስት ሰነድ ይጠየቅ ነበር፣ አሁን አራት ነው። 5 ያገኘውንና 2 ያገኘውን ናሙና ጎን ለጎን አድርጋ ታንብባቸው፤ ከ2ቱ ትጀምር።