የአሮጌ ሂሉክስ ሞተር ውስጥ የተጋገረ ዝገት፦ ሳይፈታ ይጸዳል?

ጥያቄ፦ ባለ ሂሉክስ (ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። 2ኤል የናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ገዝቼ እህል እጭንበታለሁ። ሜዳ ላይ ችግር የለበትም። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ዳገቱን ሲያያዘው ግን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ቆሜ ካላበረድኩት አይወጣም። የራዲያተሩ ውሃ የሸክላ ቀለም አለው፤ አፉን በጣቴ ስጠርገው ቀይ ዝቃጭ ይይዛል። የቀድሞው ባለቤት ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳይሆን የወንዝ ውሃ ነበር የሚሞላው። አንድ ጋራዥ ሞተሩ ወርዶ ይፈታ አለኝ፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። በባትሪ አሲድ ይጠራል ያለኝም ሰው አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ መካኒክ (ቡሬ)
ወንድሜ፣ ከማጽዳትህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ አስነሳው። አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የቴስታታው (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ ያን ጊዜ ማጽዳት ብቻውን አያድንህም።

አረፋ ከሌለ ሳይፈታ ይጸዳል። ዋናው ነገር ብሎኩን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና አካል፣ እና ራዲያተሩን ለየብቻ ማጠብ ነው። ብዙ ሰው ውሃውን ከላይ ለቆ ያጥባል፤ ከብሎኩ የተላቀቀው ቅርፊት ሄዶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፤ መኪናው ከበፊቱ ብሶበት ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱንም የራዲያተር ጎማዎች (ውሃ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች) ፍታ፣ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ) አውጣ፣ በብሎኩ ጎን ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ክፈት። ከዚያ በቴርሞስታቱ ቤት በኩል ውሃ በግፊት ልቀቅ። ራዲያተሩን ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከታች ወደ ላይ እጠበው።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር (ፍኖተ ሰላም)
የባትሪ አሲድ የተባለውን እባክህ አትሞክር። የዚህ ሞተር ብሎክ ብረት ቢሆንም ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። የባትሪ አሲድም ሆነ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አሉሚኒየሙን ይበላል። ኮስቲክ ሶዳም እንደዚያው ነው።

የሚሻለው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ኬሚካል መሸጫ ሱቆች በዱቄት መልክ ይሸጡታል። በ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም በጥብጥ። መካኒኩ እንዳለው በውሃ ካጠብክ በኋላ ጎማዎቹን መልሰህ ግጠም፣ ድብልቁን ሙላ፣ ሞተሩ ሞቆ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ጭነት ይሥራ። ሙቀቱ ሥራውን ያፋጥነዋል። ውስጡ አሳድረኸው እንዳትሄድ፤ ዝገቱን ሲጨርስ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አፍስስ፣ ደጋግመህ እጠብ፣ በመጨረሻ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አሟሙተህ አሽከርክረውና እንደገና እጠብ። ሶዳውን አሲዱ ሳይወጣ ከጨመርክ ግን አረፋው ገንፍሎ ይፈስሳል።

መልስ፦ የጭነት ሾፌር (ደጀን)
እኛ ቴርሞስታቱን አውጥተን ጥለነው ነው ያን ዳገት የምንወጣው። አንተም አትመልሰው።

መልስ፦ መካኒክ (ቡሬ)
ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ የማይሄደውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ከወጣ ግን ከፊሉ ውሃ ሳይበርድ ተመልሶ ይገባል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚሠራ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ሲታጠብ ይውጣ፣ ሲያልቅ አዲስ ይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አሲዱ በሚሠራበት ጊዜ የላይኛው ጎማ ወደ ራዲያተሩ በሚገባበት አፍ ላይ የናይለን ካልሲ ቁራጭ ግጠም፤ ቅርፊቱን ይይዝልሃል። ከሞላ ውሃ ስለሚያግድ መለኪያውን እያየህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ሲበርድ አራግፈው።

ባለ ሂሉክስ
አረፋ የለውም፤ ደስ ብሎኛል። የብሎኩን ማፍሰሻ ፈታሁት፣ ነገር ግን ጠብታ እንኳን አልወጣም።

መካኒክ (ቡሬ)
በሽታው እዚያው ነው። ዝቃጩ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ጠንካራ ሽቦ አስገብተህ እያዞርክ ጎርጉረው። መጀመሪያ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ እንደ ጠላ አተላ የወፈረ ቡናማ ጭቃ ይወጣል። ያ ጭቃ የሚተኛው በሲሊንደሮቹ ግርጌ ስለሆነ ሙቀቱ እንዳይወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ጥርት ያለ ውሃ እስኪወርድ አሲድ አትጨምር።

ባለ ሂሉክስ
እንዳላችሁት ወጣ፤ ባልዲው ሥር አሸዋም አለበት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲያልቅ ምን ልሙላበት?

የኬሚስትሪ መምህር (ፍኖተ ሰላም)
ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ፤ በዚያው ቀን ሙላው። አሲድ የነካው ብረት እርጥብ ሆኖ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። የተጣራ ውሃ ካጣህ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከወንዝ ውሃ እጅግ ይሻላል።

የራዲያተሩንም ክዳን ቀይረው። ማርቆስና ደጀን ከፍታቸው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግፊት የሚይዝ ክዳን ይህን በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይጠቅምህም።

የጭነት ሾፌር (ደጀን)
ቴርሞስታቱን በተመለከተ የተባለውን ተቀብያለሁ፤ እኔም እሞክረዋለሁ። ኩላንት ስትቀይር ግን ሜዳ ላይ አትድፋው። ይጣፍጣል፣ ከብትም ውሻም ይልሰዋል፤ መርዝ ነው። በጀሪካን ይዘህ ክደነው። ከታጠበ በኋላ ጎማዎቹንና በብሎኩ ጎን ያሉትን ክብ የብረት ክዳኖች በየጊዜው እያቸው፤ ዝገቱ ደፍኖት የነበረ ቀዳዳ ካለ ማንጠባጠብ የሚጀምረው ያኔ ነው።